ማኅበራችን በጋራ የሚዋዋለው ጋራዥ፦ የዕቅድ ረቂቅና የአባላት ሐሳብ

ሰብሳቢ፦ ውድ አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን የጋራዥ ውል ዕቅድ እዚሁ ላይ እያሟላን እንሂድ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ በእጃችን ያለውን ሞተር አቆይቶ መሥራት ግድ ሆኗል። ባለንብረቱ መኪናውን ይዞ ለየብቻው በየጋራዡ ሲንከራተት ደግሞ ለተበላሸ ሥራ የሚጠየቅ አይገኝም። መነሻ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ሦስት ጋራዦችን አወዳድረን አንዱን ወይም ሁለቱን ለአንድ ዓመት እንዋዋል፤ ምርጫው በትውውቅ ሳይሆን በሙከራ ሥራ ይሁን፤ ማንኛውም ሥራ በጽሑፍ ታዝዞ በጽሑፍ ይረከብ። ሙከራው ምን ዓይነት ይሁን? የቴክኒክ ኮሚቴው ይጀምርልን።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦ ለሙከራ ከባድ ሥራ አይሰጥም። ተራ ሰርቪስ ይበቃል፤ ውጤቱን እኛው ራሳችን ልንለካው የምንችለው እሱን ነው። ለእያንዳንዱ ጋራዥ አንድ ዶልፊን (ሚኒባስ) እና አንድ ቪትዝ (ትንሽ የቤት መኪና) ይሂዱ። ከመሄዳቸው በፊት የዘይትና የአየር ፊልትሮዎቹ ላይ ትንሽ የቀለም ነጥብ እናድርግ፤ የአንዱን ጎማ ንፋስ ዝቅ እናድርግ፤ አንድ የፍሬቻ አምፖል የተቃጠለ እናስገባ። ለጋራዡ የምንነግረው «ሙሉ ሰርቪስ» ብቻ ነው።

ሲመለሱ መጀመሪያ የሚታየው የዘይቱ ልክ ነው። 1.3 ሊትር ቱ ኤን ዜድ ሞተር ያለው ቪትዝ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ይወስዳል፤ ከባለ 4 ሊትሩ ጀሪካን 0.3 ሊትር ይተርፋል ማለት ነው። 1.0 ሊትሩ ዋን ኬ አር ግን 3.1 ሊትር ስለሚበቃው 0.9 ሊትር ይተርፋል። «የተገዛው ሁሉ ይግባ» ብሎ ጀሪካኑን የሚገለብጥ መካኒክ በዚህኛው ሞተር ላይ ጉዳት ያደርሳል፦ የክራንክ ሻፍቱ ክንዶች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፣ በአረፋ ደግሞ ብሮንዚና (የክራንክ ሻፍቱ መቀመጫ) አይለሰልስም። ትርፉን ሳይጠየቅ የሚያስረክብ ጋራዥ አንድ ነጥብ አገኘ።

የዘይት ፊልትሮው ላስቲክ ሞተሩን ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ይጠብቃል። እዚህ ላይ የሚደርሰው ክፉ ስህተት የድሮው ላስቲክ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ሲቀርና አዲሱ በላዩ ሲታሰር ነው። ጋራዡ ግቢ ውስጥ ምንም አያፈስም። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ በብርድ ሲነሳ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ድርቡ ላስቲክ ይሸሻል፣ ዘይቱም በደቂቃዎች ውስጥ አስፋልት ላይ ያልቃል። ስለዚህ መካኒኩ የወጣውን ፊልትሮ ገልብጦ ላስቲኩን ያየዋል ወይስ አያየውም የሚለውን ቆሞ የሚመለከት አባል ይመደብ። የመፍሰሻው ብሎን ሮንዴላም አዲስ መሆን አለባት።

ጎማ ተፈትቶ ከነበረ ዳዶው በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጥበቅ፤ ለቪትዝና ለኮሮላ ፋብሪካው የሚያዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ መፍቻ በግቢው የሌለ ጋራዥ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊያወርድልን አይገባም፤ በዚህ ነጥብ ባንደራደር እመርጣለሁ።

ባለ ዶልፊን፦ በሰርቪሱ እስማማለሁ፣ ነገር ግን ገንዘባችን የሚያልቀው በሰርቪስ ሳይሆን በሙቀት ነው። «ሞተሩ ይሞቃል» ሲባል የመጀመሪያ መልሱ «ቴስታታ ይውረድ» የሆነ ጋራዥ ከዝርዝሩ ይውጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ክዳኑ ተከፍቶ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቴርሞስታቱ (ውኃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) ራሱ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በመካከሉ ያለችው ዕድል ጠባብ ናት። ያችን ዕድል የሚያሰፋው ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን፣ ርካሽ ዕቃ፣ ደህናውን ሞተር ያስፈላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በውሉ ላይ ይጻፍልን፦ መጀመሪያ ክዳኑና ራዲያተሩ በግፊት መለኪያ ይፈተሹ፤ ቀጥሎ የቬንትሌተሩ ቺንጋና ቴርሞስታቱ፤ ከዚያ የሞተር ጭስ ወደ ውኃው መግባት አለመግባቱ በቀለም በሚለየው ፈሳሽ ይታይ (ጭስ ካገኘ ሰማያዊው በቤንዚን ሞተር ወደ ቢጫ፣ በናፍጣ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል)። ቴስታታ የሚወርደው ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም በግልጽ ይከልከል። ባይፓስ (ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበትን መስመር) የሚዘጋ ቴርሞስታት ባለው ሞተር ላይ እሱ ከወጣ ከፊሉ ውኃ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ይዞራል። ከተማ ውስጥ ሞተሩ ከልኩ በታች ቀዝቅዞ ነዳጅ ይበላል፤ ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ ጭራሽ ይሞቃል።

ባለ ኮሮላ፦ ከዚህ ሁሉ ድካም ለምን ወደ አስመጪው ኩባንያ ጋራዥ አንሄድም? ዕቃው ኦርጅናል ነው፣ ደረሰኙ ደረሰኝ ነው።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦ ለአዲስ መኪናና ዋስትናው ላላለቀ ጥያቄ የለውም፣ ይሂድ። የእኛ አብዛኛው ግን ዕድሜው የገፋ ነው፤ ዋጋውም ወረፋውም ለዕለት ሥራ አይመችም። ደግሞ የቤቱ ስፋት ብቻውን አያረጋግጥም። ሌላ ልታዩት የሚገባ ነገር አለ፦ በብዙ ግቢ ውስጥ መካኒኩ፣ ኤሌትሪሺያኑና ባትላሜራው ቦታ ተከራይተው ለየራሳቸው የሚሠሩ ናቸው። መኪናው ሲበላሽ አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል። ስለዚህ ውሉን የምንፈርመው ፈቃዱ በስሙ ከሆነው ከግቢው ባለቤት ጋር ይሁን፤ ከስሩ ለሚሠሩት ሁሉ እሱ ይጠየቅ። የንግድ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን፣ የሥራ ዘርፉም ጥገና መሆኑን ጸሐፊያችን ዋናውን ወረቀት አይተው ያረጋግጡልን።

ባለ ቪትዝ፦ የዕቃ ግዢውን ነገር ማንም አላነሳውም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መካኒኩ ሶማሌ ተራ ወይም ተክለ ሃይማኖት ሄዶ ሲገዛ ከሻጩ ድርሻ ይይዛል፣ አንዳንዴ ሾፌሩም ከመካኒኩ ጋር ይስማማል። ባለንብረቱ የከፈለው የኦርጅናል፣ የተገጠመው የኮፒ ይሆናል። ከእንግዲህ ዕቃ የሚገዛው ባለንብረቱ ብቻ ይሁን፣ ጋራዡ የእጅ ዋጋ ይውሰድ። ይህ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

ባለ ዶልፊን፦ እህቴ፣ ግማሹን እቀበላለሁ። ባለንብረቱ የገዛው ዕቃ በሳምንቱ ሲሰበር ጋራዡ «ዕቃችሁ ነው» ይላል፣ ሻጩ «አገጣጠማቸው ነው» ይላል፣ መኪናው ቆሞ ይከራከራሉ። ደግሞ ሁሉም ባለንብረት ዕቃ አይለይም።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦ ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ጋራዡ የሚፈልገውን ዕቃ በስም ብቻ ሳይሆን በዕቃው ቁጥር ይጽፋል፤ ቁጥሩ የሚወጣው ከሻንሲ ቁጥሩ ነው፣ «የቪትዝ ፓድ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። ግዢውን ማኅበሩ የሚመድበው አንድ ሰው በደረሰኝ ይፈጽማል። ጋራዡ ዕቃውን ከመግጠሙ በፊት አይቶ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ ካልተስማማው በዚያው ይመልሰዋል። ከፈረመ በኋላ ለአገጣጠሙ 3 ወር ወይም 5,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የሞላው፣ ይጠየቅበታል። የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ታርጋው ተጽፎበት በከረጢት ለባለንብረቱ ይመለሳል። የቀለም ነጥባችን የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ጨርሶ አይከልከል፤ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ በር፣ ፓራውልት ያገለገለው ደህና ሊሆን ይችላል። የፍሬን ሸራና ፓድ፣ የፍሬን ጎማዎች፣ የመሪ ቴስቲና፣ ታይሚንግ ቺንጋ (ክራንክ ሻፍቱንና የቫልቮላዎቹን ዘንግ እኩል የሚያዞረው ቀበቶ) እና ኩሽኔታ ግን አዲስ ብቻ።

ባለ ዶልፊን፦ ታይሚንግ ቺንጋ ካነሳችሁ፦ ቱ ኤል፣ ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል የናፍጣ ሞተሮች ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውም መብራት ለዚሁ ነው። በብዙ ሚኒባስ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ስለማይሠራ መብራቱን መጠበቅ አያዋጣም። ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቮላውን (የአየርና የጭስ በሩን) ይመታል፣ ወጪውም ወደ ሙሉ ሞተር ይሄዳል። ጋራዡ ቺንጋውን ሲቀይር ቀኑን ጽፎ ክዳኑ ላይ ይለጥፍ፤ የክራንክ ሻፍቱን የዘይት ጎማ አይቶ የሚያፈስ ከሆነ አብሮ ይቀይር፤ ዘይት የነካው አዲስ ቺንጋ ዕድሜ የለውም።

ባለ ኮሮላ፦ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይከፈት» የሚለውን ውሳኔ ማን ያጣራል? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦ ትክክለኛ ሥጋት ነው፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ያለ ኮምፕሬሽን መለኪያ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያፍንበትን ግፊት የሚያነብ) ሞተር አይከፈትም፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ቁጥርም ይጻፍ። ቁጥሩን ማንበብ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። ለነዚህ ናፍጣ ሞተሮች የፋብሪካው መጽሐፍ 32 ኪሎግራም በስኩዌር ሴንቲ ሜትር፣ ዝቅተኛውን 20፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደውን ልዩነት 5 ይላል። ያ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ስለሚያንስ ደህና ሞተርም ከመጽሐፉ ዝቅ ብሎ ያነባል። 24 ያነበበውን ሞተር «ሞቷል» የሚል ጋራዥ ወይ አያውቅም ወይ ሥራ ፈልጓል። ይበልጥ የሚታመነው ልዩነቱ ነው፦ ሦስቱ 24 አንዱ 16 ከሆነ ያ አንዱ ችግር አለበት። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ከቫልቮላው ይለያል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ባለበት ከቀረ ቫልቮላ ወይም ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ)። በናፍጣ ሞተር ዘይቱ ጠብታ ብቻ ይሁን፤ ከበዛ ማፈኛ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ቢየላውን (የፒስተኑን ዘንግ) ሊያጎብጥ ይችላል።

ቴስታታ ከወረደም ቀጥታነቱ በማስመሪያና በስስ መለኪያ ይታያል፤ ለትንንሾቹ የቤንዚን ሞተሮች የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለኤል ናፍጣዎቹ ጓርኒሲዮኑ በተለያየ ውፍረት ይመጣል፤ የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ በሚወጣበት ልክ ነው። ሳይለካ «የተገኘውን» የሚገጥም ሰው ወይ ኮምፕሬሽን ያሳጣናል ወይ ፒስተን ከቫልቮላ ያገናኛል። ለቃለ መጠይቁ አንድ ጥያቄ ቢመረጥ ይህ ይሁን፦ «ጓርኒሲዮኑን በምን ለክተህ ትመርጣለህ?»

ባለ ቪትዝ፦ ለኤሌትሪኩ ደግሞ ይህን ጨምሩ። ኮምፒውተር ሰክቶ ያነበበውን ኮድ እንደ ዕቃ ዝርዝር የሚወስድ አለ። ፒ0171 ሲያነብ ኦክስጅን ሴንሰር ያስገዛል። ኮዱ የሚለው ቤንዚኑ ከአየሩ አንሷል ነው፤ መጀመሪያ የሚታየው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰርና የቤንዚን ግፊት ነው። ኮዱ ከመጥፋቱ በፊት ተጽፎ ወይም ፎቶ ተነስቶ ይሰጠን።

ገንዘብ ያዥ፦ በገንዘቡ በኩል ሁለት ነገር ብቻ። ማኅበሩ ለጋራዡ የሚሰጠው ቋሚ ሥራ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ አንድ ባለንብረት ባይከፍል ዕዳው የማኅበሩ እንዳይሆን በውሉ ይገለጽ። ክፍያው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በሚያሳይ ደረሰኝ ይሁን፣ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ በተለያየ መስመር ተጽፈው። ጋራዡ ከታዘዘው ውጭ ሌላ ብልሽት ካገኘ ይደውል፣ መልስ በጽሑፍ እስኪያገኝ አይንካው፤ አጭር የስልክ መልእክትም እንደ ጽሑፍ ይቆጠር።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት፦ እኛ ጥቂት ስለሆንን በዚህ ውል ውስጥ አታስገቡን። ለከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪ የ1,000 ቮልት ጓንትና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ ተራ ጋራዥ ብርቱካናማ ሽቦዎቹን እንዳይነካ ብቻ ይጻፍ። ፍሬን፣ ጎማ፣ አሞርዛቶርና 12 ቮልቱ ባትሪ ግን የጋራ ናቸው። የፍሬን ዘይታችንም እንደ እናንተው ውኃ ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል።

ጸሐፊ፦ እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር የርክክብ ቅጹ ነው። መኪናው ሲገባ የነዳጁ መጠን፣ የኪሎ ሜትር ንባብ፣ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ቴፕና የመስታወቶቹ ሁኔታ ከአራቱም ማዕዘን በተነሳ ፎቶ ጭምር ይመዝገብ። ሊብሬው ጋራዥ አይቀር። ማታ የሚያድር መኪና ካለ ጥበቃው የማን እንደሆነ፣ የእሳት ማጥፊያውም የአገልግሎት ጊዜ ያላለፈበት መሆኑ ይታይ። ቅጹን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼዋለሁ፣ ሁለት ቅጂ ተፈርሞ አንዱ ከመኪናው ጋር ይቆያል።

ባለ ዶልፊን፦ ሾፌሩ ብቻውን እንዲፈርም አትፍቀዱ። ባለንብረቱ ካልመጣ በጽሑፍ የወከለው ይፈርም።

ሰብሳቢ፦ ገብቷል። የግዢ ሰዉን ጉዳይ በጉባኤው በድምፅ እንወስነዋለን፣ እህታችን ሐሳባቸው በአማራጭነት ይቅረብ። ለሙከራው ዶልፊንና ቪትዝ የሚያቀርቡ አባላት እስከ ዓርብ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ዓይነትና የመጨረሻውን የዘይት ለውጥ ቀን ለጸሐፊው ይላኩ። የቴክኒክ ኮሚቴው ኮምፕሬሽን መለኪያውንና የቀለም ብሩሹን ይዞ ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ይገኝ።