የባንክ አክሲዮኔን ልሽጥ፣ ላቆይ ወይስ ልጨምር?

ባለድርሻ ከአዳማ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ባንክ ውስጥ ፓር ቫሊዩአቸው (በአክሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ) 1,000 ብር የሆነ 120 አክሲዮኖች አሉኝ። ባንኩ ካፒታሉን ለማሳደግ ለነባር ባለአክሲዮኖች አዲስ አክሲዮን በፓር ቫሊዩ ማቅረቡን፣ የእኔ ድርሻም 60 አክሲዮን መሆኑንና በተወሰነው ጊዜ ካልከፈልኩ መብቱ ለሌላ እንደሚተላለፍ በደብዳቤ አሳውቆኛል። በዚያው ሰሞን አንድ ደላላ ደውሎ፣ በእጄ ያሉትን አክሲዮኖች እያንዳንዳቸውን በ1,250 ብር የሚወስድ ገዢ እንዳለው ነገረኝ። ባንኩ ባለፈው ዓመት 24 በመቶ የትርፍ ድርሻ ከፍሏል። 60 ሺህ ብሩ ቁጠባዬ ውስጥ አለ፤ ሆኖም ከሁለት ዓመት በኋላ የልጄ የኮሌጅ ክፍያ ይጠብቀኛል። ባለቤቴ በበኩሏ ሁሉንም ሸጠን ገንዘቡን እንደ ኢትዮ ቴሌኮም ያለ ትልቅ ድርጅት አክሲዮን ለሕዝብ ሲቀርብ እንግዛበት ትላለች። ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦
ሦስቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ባያዩአቸው ይሻላል፤ በቅድሚያ ቀን የተቆረጠለት የ60ው አክሲዮን ጉዳይ ነውና ከእርሱ ልጀምር። ደላላው የጠቀሰው 1,250 ብር እውነተኛ ዋጋ ነው ብለን እንነሣ። የእርስዎ 120 አክሲዮኖች በዚህ ዋጋ 150 ሺህ ብር ያወጣሉ፤ 60 ሺህ ብር ሲጨምሩበት 210 ሺህ ብር የሚያወጡ 180 አክሲዮኖች ይኖርዎታል ማለት ነው፤ ይህም ለእያንዳንዱ ወደ 1,167 ብር ይደርሳል። ሌሎቹ ባለአክሲዮኖች ሁሉ ድርሻቸውን ወስደው እርስዎ ብቻ ቢቀሩ፣ ነባሮቹ 120 አክሲዮኖችዎ ከ1,250 ወደ 1,167 ብር አካባቢ ይወርዳሉና ምንም ሳይሸጡ ወደ 10 ሺህ ብር ያጣሉ። ስለዚህ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ በራሱ ውሳኔ ነው። መክፈል ካልቻሉም ባንኩ የቅድሚያ መብትን፣ ማለትም አዲሱን አክሲዮን ቀድሞ የመግዛት መብትዎን፣ ለመረጡት ሰው ማስተላለፍ ይፈቅድ እንደሆነ ቀኑ ሳያልፍ ይጠይቁ።

24 በመቶ የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። የሚሰላው በፓር ቫሊዩ ላይ እንጂ ገዢው በከፈለው ዋጋ ላይ አይደለም። አክሲዮኑን በ1,250 ብር የሚገዛው ሰው የሚያገኘው 240 ብር ነው፤ ይህም ከግብር በፊት 19.2 በመቶ ነው። ከዚህም በላይ ካፒታሉ በግማሽ ሲያድግ ትርፉ በዚያው ልክ ካላደገ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው ትርፍ ለብዙ አክሲዮን ይከፋፈላል። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ጊዜ በመስጠቱ፣ በርካታ ባንኮች በእነዚህ ዓመታት አክሲዮን ለመሸጥ ተጣድፈዋል፤ በአንጻሩ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ ስለተጣለ፣ የተሰበሰበው ካፒታል ሁሉ ወዲያው ወደ ብድር አልተለወጠም። የእርስዎ ባንክ ባለፉት ሦስት ዓመታት በአንድ አክሲዮን ያገኘው ትርፍ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? መልሱ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ አለ።

ሪፖርቱን ሲይዙ መጠባበቂያውንም ይመልከቱ። ባንኮች ከተጣራ ትርፋቸው ሩቡን ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ ስለሚያስገቡ፣ የአክሲዮኑ የመዝገብ ዋጋ (ካፒታሉ፣ መጠባበቂያውና ያልተከፋፈለው ትርፍ ተደምሮ ለአክሲዮኖቹ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው) ከፓር ቫሊዩ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ለምሳሌ ካፒታሉ 4 ቢሊዮን፣ መጠባበቂያውና ያልተከፋፈለው ትርፍ ደግሞ 1.2 ቢሊዮን ብር ከሆነ፣ ባለ1,000 ብሩ አክሲዮን የመዝገብ ዋጋው 1,300 ብር ነው። እንዲህ ከሆነ ደላላው ያቀረበልዎ ከመዝገብ ዋጋ በታች ነው። የተበላሸ ብድሩ ብዙ ከሆነ ግን የመዝገብ ዋጋው ራሱ አያስተማምንም።

የአክሲዮን ክፍል ጡረተኛ፦
ሒሳቡ ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔ የማወራው ስለ ደላላው ነው። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ሰነደ ሙዓለ ንዋይ (እንደ አክሲዮን ያለ ሰነድ) የሚያገበያይ ሰው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ ስሙን ጠይቀው ፈቃድ ካላቸው መካከል መኖሩን ከባለሥልጣኑ ያጣሩ። ገዢው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባና ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ሳይታወቅ የአክሲዮን ምስክር ወረቀትዎን ፎቶ እንኳ አይላኩለት። ባንኩ አክሲዮን በሚገበያይበት በሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ያልተመዘገበ ከሆነ ሽያጩ የሚጸናው ገዢው በባንኩ የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው፤ ሰነድ ማረጋገጫ ሄደው የተፈራረሙት ውል ብቻውን አያበቃም።

ወቅቱንም ልብ ይበሉ። የበጀት ዓመቱ በሰኔ ይዘጋል፤ ጠቅላላ ጉባኤዎች በአብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ይካሄዳሉ። በጥቅምት የሚሸጥ ሰው ዓመቱን ሙሉ የያዘውን አክሲዮን የትርፍ ድርሻ ለገዢው ሊያስረክብ ይችላል፤ ውሉ ላይ የዚያ ዓመት ድርሻ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ጭቅጭቁ ማለቂያ የለውም። በሥራ ዘመኔ በእንዲህ ያለ ጉዳይ የተጣሉ ወንድማማቾች ሳይቀሩ እኛ ጋ ይመጡ ነበር። ለመሆኑ ባንክዎ በገበያው ተመዝግቧል?

ከሜሪላንድ፦
ስለ ባለቤትዎ ሐሳብ አንድ ነገር ልበል። የኢትዮ ቴሌኮም የመጀመሪያ ሽያጭ በጥቅምት 2017 በቴሌብር ሲጀመር የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33፣ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን ነበር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን የገዙትም ከ47 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ናቸው። ትልቅ ድርጅት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን አብዛኛው ድርሻ በመንግሥት እጅ ስለሚቆይ የትርፍ ድርሻ ፖሊሲውን የሚወስነው ትንሹ ባለአክሲዮን አይደለም። ወደፊት እንዲህ ያለ ሽያጭ ሲመጣ የደንበኛ ሳቢ መግለጫውን (ድርጅቱ አክሲዮን ሲሸጥ ስለ ራሱ የሚያወጣውን ሰነድ) እስከ መጨረሻው ገጽ ያንብቡ።

እኛ በውጭ የምንኖር ከብር ዋጋ ጋርም እንታገላለን። ከሐምሌ 2016 በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ በብር ጥሩ የትርፍ ድርሻ ያገኘ ሰው በዶላር ሲያሰላው ከስሯል። የእርስዎ ወጪ በብር ስለሆነ ይህ ብዙም አያሳስብዎት።

ባለድርሻ ከአዳማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባንኩ በገበያው አልተመዘገበም። የልጄን ክፍያ ከአክሲዮኑ ለማውጣት ብገደድ በምን ያህል ጊዜ ልሸጠው እችላለሁ?

የአክሲዮን ክፍል ጡረተኛ፦
ለዚህ ቁርጥ ያለ ቀን ሊነግርዎ የሚችል ሰው የለም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀምሮ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ በተመዘገበውም ላይ ቢሆን ሻጭ በፈለገበት ቀን በፈለገው ዋጋ ገዢ ያገኛል ማለት አይደለም። ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ገዢውን ፈልጎ፣ ዋጋ ተስማምቶ፣ የባንኩን የመዝገብ ክፍል አስፈርሞ መጨረስ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ በጠቅላላ ጉባኤ ሰሞን መዝገቡ ለዝውውር የሚዘጋበት ጊዜም አለ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦
እንግዲያው የልጅዎን የመጀመሪያ ዓመት ክፍያ ከ60 ሺህ ብሩ ላይ ቀንሰው በባንክ ያስቀምጡት፤ በቀረው የሚችሉትን ያህል አዲስ አክሲዮን ይውሰዱ፤ 30 ብቻ ቢሆንም ጥቅም አለው። ነባሮቹን 120 አክሲዮኖች በደላላው ዋጋ ለመሸጥ የሚያስቸኩል ነገር አይታየኝም፤ ቢያንስ ዓመታዊ ሪፖርቱን አይተው የመዝገብ ዋጋውን እስኪያሰሉ ይቆዩ። ሪፖርቱን ካገኙ የካፒታሉን፣ የመጠባበቂያውንና የተበላሸ ብድሩን ቁጥር እዚህ ያስፍሩልን፤ አብረን እናየዋለን።