ትንሽ የብረት ባንድ ሶው አጣሞ ይቆርጣል፣ ላማው ይወልቃል፣ ሞተሩ ይግላል

ጓሮ ወርክሾፕ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ የመጣ፣ እስከ 4 በ6 ኢንች የሚቆርጥ ባንድ ሶው (እንደ ቀበቶ በሚዞር ላማ ብረት የሚቆርጥ ማሽን) አለኝ፤ በየዓይነቱ ስም እየተለጠፈበት የሚሸጠው የቻይና ሥራ። ላማው 1638 ሚሜ (64 ተኩል ኢንች)፣ ወርዱ ግማሽ ኢንች፣ 14 ጥርስ በኢንች፣ ከማሽኑ ጋር የመጣው ነው። ሞተሩ ግማሽ ፈረስ ጉልበት፣ 110 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፤ አዲስ አበባ ላይ በትራንስፎርመር ይሠራል። ችግሮቹ፦ 50 ሚሜ ድፍን ብረት ላይ ከላይ እስከ ታች 1.5 ሚሜ ያህል ያዘነብላል፤ ላማው አልፎ አልፎ ከመዘውሩ ይወልቃል፤ 1.5 ሚሜ ውፍረት ያለው 40 በ40 አር ኤች ኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለአራት ማዕዘን ብረት) ላይ ጥርሱ ይረግፋል፤ ሞተሩ ከሩብ ሰዓት በኋላ እጅ አያስነካም። ቤቱ 3 በ4 ሜትር ስለሆነ አቀማመጡ ላይም ሐሳብ ካላችሁ ደስ ይለኛል።

ጥቅለላ፦
በኤሌክትሪኩ ልጀምር። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። የ60 ኸርዝ ሞተር በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ 1725 ዙር የነበረው ወደ 1425 ይወርዳል። የላማው ፍጥነትም በፑሌጃው (ቀበቶው በሚዞርበት ጎማ) ሦስት ደረጃ 24፣ 36 እና 60 ሜትር በደቂቃ የነበረው 20፣ 30 እና 50 ይሆናል። ለተራ ብረት 30 ይበቃሃል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ አያሳስብ። የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። በዚያው ቮልት ኸርዙ ሲያንስ የሞተሩ ብረት ልብ ከመጠን በላይ ማግኔት ይሸከማል፣ ሞተሩም ይግላል። ትራንስፎርመሩ ከ95 እስከ 100 ቮልት የሚያወጣ ጫፍ ካለው እሱን ሞክር። ማስነሻ ኮንደንሰር ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ሲነሳ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ስማ፤ ያ ድምፅ ካልመጣ የማስነሻው ጥቅል ከመስመር አልወጣም ማለት ነው፣ ወዲያው አጥፋው፣ ይቃጠላል።

የስም ሰሌዳውን አንብብ። 115/230 የሚል ከሆነ የሽቦውን አያያዝ በመቀየር ትራንስፎርመሩን ትገላገላለህ፤ ሙቀቱ ግን ያው ነው። እውነተኛው መፍትሔ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 0.37 ኪሎ ዋት፣ 1400 ዙር ሞተር ነው። አንድ ወጥመድ አለው፦ የአሜሪካው ሞተር ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ 15.88 ሚሜ ሲሆን የዚህኛው 14 ነው። መሃሉ የሚገባው ቡሽ ከ1 ሚሜ ስለሚሳሳ አያስተማምንም። ባለ 14 ሚሜ ቀዳዳ አዲስ ፑሌጃ ቶርኖ ቤት ብታስቀርጽ ይሻላል። የማሽኑ አካል ኧርዝ ይኑረው፤ ብዙዎቹ ርካሽ ትራንስፎርመሮች ገቢና ወጪውን አይለዩም።

ስኳድራ፦
የላማ መሪዎቹን (ላማውን ከጎንና ከጀርባ የሚይዙትን ኩሽኔታዎች) ከመነካካትህ በፊት ቁርጡን አንብበው። የተቆረጠውን ፊት በስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ) በሁለት አቅጣጫ እይ። ዘንባላው ወደ ጎን ከሆነ ጥፋቱ የሞርሳው (ብረቱን የሚይዘው መቆንጠጫ) ነው፤ ቋሚው መንጋጋ ለላማው 90 ዲግሪ አልቆመም። ከላይ ወደ ታች ከሆነ ሁለት ዓይነት አለ። ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ካዘነበለ መሪዎቹ ተጣመዋል። ፊቱ ጎብጦ፣ ሆድ አውጥቶ ከሆነ ግን መሪዎቹን ተዋቸው፤ ላማው ደንዟል፣ ላልቷል፣ ወይም ክንዱ (ላማውን የተሸከመው ክፍል) ከልክ በላይ ተጭኖታል። ይህን ሳይለይ ቁልፍ የሚያነሳ ሰው አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል።

ሶኬቱን ንቀልና በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። መጀመሪያ መሪዎቹን ፈትተህ ከላማው አርቃቸው፤ እነሱ ላማውን በግድ ይዘውት እያለ የመዘውሩን አሰላለፍ ማወቅ አይቻልም። ላማውን አጥብቀህ መዘውሩን በእጅህ አሽከርክር። የላማው ጀርባ ወደ መዘውሩ ከንፈር መጠጋት አለበት፣ ግን እየፈተገው መሄድ የለበትም፤ ግማሽ ሚሜ ክፍተት ጥሩ ነው። ወደ ውጭ እየሸሸ ከሆነ ሞተር የማይነዳውን መዘውር የያዙትን ብሎኖች አላላና ማዘንበያዋን ቪቴ በሩብ ዙር ብቻ አዙር፤ ከዚያ ብሎኖቹን አጥብቀህ ደግመህ አሽከርክር። ማጥበቁ ራሱ ቦታውን ስለሚቀይረው ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው።

የላማው ውጥረት በግምት የሚተው ነገር አይደለም። ላማው ላላ ባለበት ዲጂታል ካሊፐር በ150 ሚሜ ከፍተህ ሁለቱን መንጋጋ በትንንሽ መቆንጠጫ ቀጥተኛው የላማ ክፍል ላይ እሰርና ዜሮ አድርገው። ከዚያ አጥብቅ። ካሊፐሩ ከ0.08 እስከ 0.1 ሚሜ ሲያሳይ አቁም፤ የዚህ ማሽን ክንድ ከዚያ በላይ አይችልም።

አሁን መሪዎቹን መልስ። ከሁለቱ ጎን ኩሽኔታዎች አንደኛው ከመሃል የወጣ ዘንግ አለው፤ እሱን በማዞር ላማውን አስጠጋ። ላማው በእጅ ሲገፋ ኩሽኔታው አብሮ ይዞር፣ በአውራ ጣትህ ስትይዘው ግን ይቁም። የጀርባው ኩሽኔታ ላማውን መንካት ያለበት ሲቆርጥ ብቻ ነው፤ መሃላቸው አንድ ወረቀት ይለፍ። ኩሽኔታው ሲዞር ከኮረኮረ ለውጠው፤ 80100 የሚል ቁጥር ካለበት ሱቅ ላይ 6000 ዜድ ዜድ ብለህ ጠይቅ፣ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። በመጨረሻ ስኳድራውን በማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አቁመህ ከላማው ጎን አስጠጋ፤ ጥርሱ ወደ ጎን ስለሚወጣ ያሳስትሃልና ጠፍጣፋው ላይ ብቻ ይረፍ። ሁለቱንም መሪ ወደምትቆርጠው ብረት የሚቻለውን ያህል አቅርብ።

ቱቦላሬ፦
ጥርስ የሚረግፈው በሒሳቡ ነው። ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ መሆን አለበት ይባላል። 14 ጥርስ ማለት ከጥርስ ጥርስ 1.8 ሚሜ ነው፤ የአንተ አር ኤች ኤስ ግድግዳ 1.5። ብረቱ በሁለት ጥርስ መሃል ይገባና ነቅሎት ይሄዳል። 24 ጥርስ (1.06 ሚሜ) ግዛ፤ እሱም ሦስቱን አያሟላም፣ ግን ክንዱ ከቀለለ ይሠራል። ለ50 ሚሜ ድፍኑ ደግሞ ከ6 እስከ 10 ጥርስ። ሁለቱንም በባይሜታል (ጥርሱ ከጠንካራ ብረት፣ ጀርባው ከሚተጣጠፍ ብረት የተሠራ) ውሰድ፤ የካርቦኑ ላማ ቶሎ ይደነዝዛል፣ ገንዘቡም አያዋጣም።

ክንዱን በሻንጣ ሚዛን ከእጀታው አንጠልጥለህ መዝን። ለድፍን ብረት ከ2 እስከ 3 ኪሎ፣ ለቀጭኑ ከ1 ተኩል በታች እስኪሆን ክንዱን የሚደግፈውን ሞላ አጥብቅ። ላማው መጀመሪያ ብረቱን ሲነካ በእጅህ ደግፈህ አውርደው። አዲስ ላማ ለመጀመሪያዎቹ ቁርጦች በግማሽ ጫና ይግባ። ፍቅፋቂው ዱቄት ከሆነ ጫናው አንሷል ወይም ላማው ሞቷል፤ ሰማያዊ ከሆነ በዝቷል።

ጓሮ ወርክሾፕ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁት፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከላይ ወደ ታች ያዘነበለ ነው፣ ሆድ የለውም። አጭር ቁራጭ ስይዝ ደግሞ ሞርሳው ራሱ ይጣመማል።

ስኳድራ፦
እንግዲያው መሪዎቹ ናቸው። ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ እኩል አዙር፤ አንዱን ብቻ ካዞርክ ላማው ይጠመዘዝና ተመልሶ ይወልቃል። ሞርሳው የሚጣመመው ተንቀሳቃሹ መንጋጋ በአንድ ብሎን ላይ ስለሚዞር ነው፤ በሌላኛው ጫፍ ያው ውፍረት ያለው ቁራጭ አስገባና አብረህ አጥብቅ።

ስለ ቤቱ፦ አር ኤች ኤስ በ6 ሜትር ነው የሚመጣው፣ የአንተ ክፍል ደግሞ 4። ስለዚህ ማሽኑን ብረቱ በበሩ እንዲወጣ አሰልፈውና ውጭ ከሞርሳው ጋር እኩል ከፍታ ያለው መደገፊያ አቁም። የላሜራ እግሮቹን ጥለህ ከ40 በ40 አንጎላሬ መቆሚያ በይድለት። ግራይንደሩ ከሌላኛው ጥግ ይሁን፤ የድንጋዩ አቧራ ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ ያስተካከልከው ሁሉ በአጭር ጊዜ ይላላል። ካምቢዮውንም ክፈተው፣ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣበት ዘይት ቆሻሻ ነው። የካምቢዮው ጥርስ ነሐስ ከሆነ ደረጃው ጂ ኤል 4 የሆነ 90 የካምቢዮ ዘይት ጨምር፤ በአንዳንድ ጂ ኤል 5 ዘይት ውስጥ ያለው ሰልፈር ነሐስ ይበላል።