ለደሴ ቤት የትኛው ሶላር ይስማማል? የየአንዳንዱ ድክመትስ ምንድን ነው?

ጥያቄ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ ሰፈር፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት በመሥራት ላይ እገኛለሁ፤ ምድር ቤቱን ለተከራዮች፣ ፎቁን ለቤተሰቤ አስቤዋለሁ። የጣሪያው ግማሽ ሶሌታ ሲሆን ግማሹ በሞራሌ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። ለሻወር የሚሆን ሙቅ ውኃ፣ እንዲሁም መብራት ሲጠፋ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ የሚበቃ ኃይል ከፀሐይ ማግኘት እፈልጋለሁ። ሻጮች የሚነግሩኝ የየዕቃቸውን ጥቅም ብቻ ነው፤ እኔ ግን ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ማወቅ የምፈልገው ድክመታቸውን ነው። የተለመደው የመስታወት ፓናል፣ የሚተጣጠፈው ስስ ፓናል፣ ጠፍጣፋው የውኃ ማሞቂያና ባለ ቱቦው ማሞቂያ በእኛ አየር የሚቸገሩት በምንድን ነው? ውኃ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በፈረቃ መሆኑንም ከግምት እንድታስገቡልኝ እጠይቃለሁ።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ (የሶላር ገጣሚ)

ወንድሜ፣ በመጨረሻ የጠቀሱት የውኃ ፈረቃ ለእኔ ዋናው ጉዳይ ነው። ባለ ቱቦው ማሞቂያ በሁለት የመስታወት ግድግዳዎች መካከል አየር ስለሌለው የያዘውን ሙቀት በቀላሉ አይለቅም፤ በቀዝቃዛ ከተማ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ሮቶው ደርቆ ቱቦዎቹ ባዶአቸውን ፀሐይ ላይ ከዋሉ በኋላ እኩለ ቀን ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ቢገባባቸው መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ማሞቂያውን ብቻ የሚመግብ ሮቶ ከታንከሩ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ባዶ የዋለ ማሞቂያም የሚሞላው ማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው።

ጠፍጣፋው ማሞቂያ በዚህ በኩል የተሻለ ቻይ ነው፤ ጠላቱ ውርጭ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊት ጠፍጣፋው ገጽ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ፣ የአካባቢው አየር ገና ከዜሮ ዲግሪ በላይ ሳለ እንኳ በቀጫጭን ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ በረዶነት ተለውጦ ሊያፈነዳቸው ይችላል። ይህን የሚከላከለው ውኃውን ሳይሆን ፀረ በረዶ ፈሳሽን በተለየ መስመር የሚያዞረው ዓይነት ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ እኛን ይህ ብዙም አያሰጋንም፤ ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ኮምቦልቻ ላይ በሰላም የሠራ ዕቃ ደሴ ላይም እንዲሁ ይሠራል ብሎ የሚሸጥልዎትን ሰው አይመኑ።

የሁለቱም ታንከር ከባድ ነው። 200 ሊትር ውኃ ብቻውን 200 ኪሎ ስለሚመዝን በሶሌታው በኩል እንጂ በቆርቆሮው ላይ እንዳያስቡት።

መልስ፣ ከሐይቅ (የፊዚክስ መምህር)

እኔ ስለ ኤሌክትሪኩ ልጨምር። የመስታወቱ ፓናል ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 20 በመቶ ገደማውን ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥርም በየዲግሪው ከኃይሉ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በቆላ ጣሪያ ላይ 60 ዲግሪ የደረሰ ፓናል 14 በመቶ ያህል ያጣል ማለት ነው፤ በዚህ ረገድ የደሴ ብርድ ይጠቅምዎታል። የሚተጣጠፈው ፓናል ቀላል ስለሆነ ደካማ ቆርቆሮ ይሸከመዋል፤ ሆኖም ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ ከሥሩ አየር ስለማያገኝ ይግላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ቶሎ ያረጃል። የእርስዎ ሞራሌ ጠንካራ ከሆነ አልመክረውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጥላ ነው። በተከታታይ ከተያያዙት ፓናሎች አንዱን የዛፍ ወይም የሮቶ ጥላ ቢሸፍነው የመስመሩ ሁሉ ኃይል ሊወድቅ ይችላል። ጦሳ ደግሞ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ከግርጌው ያሉ ቤቶች የከሰዓት ፀሐያቸውን ቀድመው ያጣሉ፤ ስለዚህ ጥላው በስንት ሰዓት ጣሪያዎ ላይ እንደሚደርስ ራስዎ ቆመው ይመልከቱ። ፓናሉን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ማዘንበል ይበቃል። ግድግዳ ላይ እንግጠምልዎ ቢሉዎት ግን አይቀበሉ፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ስለምታልፍ የደቡብ ግድግዳ በእነዚያ ወራት በቀጥታ አይበራም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማሞቂያው ይህን ያህል ጣጣ ካለው ፓናሉን አብዝቼ ውኃውንም በኤሌክትሪክ ቦይለር ባሞቀው አይሻልም?

መልስ፣ ከወልዲያ (የኤሌክትሪክ መሐንዲስ)

ይቻላል፤ ሒሳቡን ግን አብረን እንየው። 200 ሊትር ውኃን በ35 ዲግሪ ለማሞቅ 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። አንድ ኪሎዋት ፓናል በመልካም ቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢሰጥ፣ ለውኃው ብቻ 2 ኪሎዋት ፓናል፣ ማለትም 10 ካሬ ሜትር ያህል ጣሪያ ይፈልጋሉ፤ ማሞቂያው ግን ይህንኑ ሥራ 4 ካሬ ሜትር በሚሆን ቦታ ይሠራዋል። ያን ሙቀት በባትሪ ለማሳደር ከታሰበ ደግሞ ነገሩ አይሆንም። 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ቢይዝም ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት ሰባት ያህል ባትሪ ለሻወር ብቻ ይሄዳል። የሊቲየም ባትሪ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ከግማሽ በታች ቢወርድም አይጎዳም፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ከዜሮ ዲግሪ በታችም መሞላት ስለሌለበት ውጭ በረንዳ ላይ አይቀመጥም።

ፓናሉን ከመረጡ ቦይለሩ በባትሪ ሳይሆን ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ፀሐይ በቀጥታ ይሥራ፤ ሙቀቱን ታንከሩ ራሱ ያቆየዋል። ውኃ በጠፋበት ቀን ግን ባዶውን እንዳይበራ፣ የማሞቂያ ብረቱ ይቃጠላል።

ኢንቨርተሩን፣ ማለትም የፓናሉንና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚስማማ የሚቀይረውን መሣሪያ፣ ሲገዙም ይጠንቀቁ። ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ብቻ የሚሠራው ዓይነት መብራት ሲጠፋ፣ መስመሩን የሚጠግኑ ሠራተኞች እንዳይጎዱ ሲባል፣ ፀሐይ ብትኖርም ራሱን ያጠፋል። እርስዎ የሚፈልጉት መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ስለሆነ በባትሪም በመስመርም የሚሠራውን ይጠይቁ።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ (የሶላር ገጣሚ)

በእህታችን ሒሳብ እስማማለሁ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ባለ ቱቦውን ማሞቂያ ከራሱ ሮቶ ጋር በሶሌታው ላይ አድርጌ ቆርቆሮውን ለፓናል እተወው ነበር፤ የሮቶውን ጥላ ብቻ ከፓናሉ ያርቁ። በሐምሌና በነሐሴ ጉም በሚውልባቸው ቀናት ግን ማሞቂያውም ፓናሉም እንደሚደክሙ አስቀድመው ለተከራዮችዎ ይንገሩ፤ ማሞቂያውንም በመስመር የሚሠራ መጠባበቂያ የኤሌክትሪክ ብረት ያለውን ይግዙ።

ጠያቂው

ሮቶውን በሰሜን በኩል ለማድረግ አስቤ ነበር፤ በክረምት ጥላው ወደ ፓናሉ ይመጣ ይሆን?

መልስ፣ ከሐይቅ (የፊዚክስ መምህር)

እኩለ ቀን ላይ አጭር ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል፤ ከሮቶው ቁመት ግማሽ ያህል ካራቁት በዚያ ሰዓት አይደርስበትም። የጠዋትና የማታው ጥላ ግን ረጅም ስለሆነ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ይተዉለት።