የሀበሻ ውሻዬን ለነፍስ አድን ፍለጋ ማሠልጠን እችላለሁ?

ጠያቂ፣ ከአዳማ
ሰላም ለሁላችሁ። የሠፈር በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ነን። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ሕንፃ ቢደረመስ ማን ያወጣናል እያልን ተጨነቅን። በሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ መሬት ተንዶ ሰው በአካፋና በእጁ ጭቃ ሲቆፍር ያየነውም አይረሳንም። ዓመት ያልሞላት የሀበሻ ውሻ አለችኝ። ኳስ ካየች አትለቅም። ለዚህ ሥራ ትሆናለች? ከምን ልጀምር?

መልስ፣ ከቨርጂኒያ (የፍለጋ ቡድን በጎ ፈቃደኛ)
እህቴ፣ ዘሯ አያሳስብሽ። እዚህ ላብራዶርና ጀርመን ሼፐርድ ቢበዛም ክልስ ውሾችም ይሠራሉ። ዋናው የጨዋታ ፍቅር ነው። የጨርቅ ኳሷን ረጅም ሣር ውስጥ ወርውሪላት። ቶሎ ሰልችቷት ከተመለሰች ይከብዳል። ሳላገኝ አልመለስም ካለች ግን ያዣት።

ጅማሬው ድብብቆሽ ነው። ጓደኛሽ ኳሱን እያሳያት ሮጦ ግንብ ጀርባ ይደበቅ። ከዚያ ልቀቂያት። ስታገኘው ኳሱን ወዲያው አይስጣት፣ ዝም ብሎ ይጠብቅ። ልክ ስትጮህ ይስጣትና አብሯት ይጫወት። ፍርስራሽ ሥር ያለን ሰው በዓይኗ አታየውም። ሽታው የሚወጣበት ስንጥቅ ላይ ቆማ፣ እናንተ እስክትደርሱ መጮህ አለባት። ስትለምድ ሰውየው ሲደበቅ እንዳታየው አድርጉ። ተደባቂውንም ቀያይሩ፣ አለበለዚያ ያንን ሰው ብቻ ነው የምትፈልገው። መጀመሪያ ላይ ነፋሱ ከሰውየው ወደ እሷ እንዲነፍስ አድርጉ። በደንብ እስክትበቃ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል።

መልስ፣ ከቢሾፍቱ (የእንስሳት ሐኪም)
ከሁሉ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት! ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ነው የምትሠራው። አጥንቷ እስኪጠና ከከፍታ አታዝልሏት። የአዳማን ፀሐይ ታውቂዋለሽ፣ በማለዳ ሥሩ። ውሻ ሲያለከልክ በደንብ አያሸትም። ውሃና ጥላ ስጧት፣ ስትደክም አቁሙ።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ (በአደጋ ሥራ ላይ የነበርኩ)
መጋቢት 2009 እዚህ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰው አጥተናል። ስለዚህ ሐሳባችሁን ከልቤ ነው የምደግፈው። ግን አደራ፣ ብቻችሁን ናዳ ላይ እንዳትወጡ። ጎፋ ላይ ሁለተኛው ናዳ የበላው ለማዳን የሮጡትን ነው። ከአሁኑ ከከተማችሁ እሳት አደጋ ጋር ተነጋገሩ፣ ከቀይ መስቀልም የመጀመሪያ እርዳታ ተማሩ።

በሕይወት ያለን ሰው መፈለግና አስከሬን መፈለግ ሥልጠናቸው ለየቅል ነው፣ ከአንዱ ጀምሩ። ጭቃ ሽታን ያፍናል፣ ስለዚህ በረጅም ዘንግ ቀዳዳ እየበሱ ጥቂት ጠብቀው ነው ውሻ የሚያስገቡት። ፍርስራሽ ላይ ደግሞ የአንገት ማሰሪያዋን አውልቁላት፣ ብረት ይዞ ሊያንቃት ይችላል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ብቻ። ጎረቤት እንዳይረበሽ ብዬ እንዳትጮህ አስለምጃታለሁ። አሁን ምን ይሻላል?

መልስ፣ ከቨርጂኒያ
ከቤት ራቅ በሉና ሜዳ ላይ ሥሩ። ከአጥር ወዲያ ሆነሽ ኳሱን እያወዛወዝሽ አስጎምጃት። መጀመሪያ እንደማልቀስ ትላለች። ለዚያችም ቢሆን ወዲያው ስጫት። ቀጥሎ እስክትጮህ ጠብቂ፣ ከዚያ ደጋግማ እስክትጮህ። ቤት ስትገቡ ኳሱን ደብቂው፣ ለሥራ ብቻ ይሁን።