ሠራተኛዬን «እህቴ ናት» ብዬ ላስመዝግባት?

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ቤት የምትሠራ የ17 ዓመት ልጅ አለች። ከጎጃም ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ትምህርቷን ያቋረጠችው ከአራተኛ ክፍል ነው። ልጄ የቤት ሥራውን ሲሠራ እሷ ሽንኩርት እየላጠች ትሰማዋለች። አንድ ቀን ማባዛት ሲሳሳት ከማድቤት ሆና አረመችው። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

የማታ ትምህርት ላስመዝግባት ሄድኩ። የነዋሪነት መታወቂያ አምጡ ተባልን። መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ከመጣችበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። ልጅቷ የመጣችው ሊድሯት ሲሉ ጠፍታ ነው። መሸኛ ጠይቂ ማለት ያለሽበትን ተናገሪ ማለት ነው።

ጎረቤቴ «እህቴ ናት በያቸው፣ በአንቺ መታወቂያ ያልቃል» አለችኝ። ፎርሙን ሞልቼ ጨርሻለሁ። ግን እህቴ ከሆነች የእኔ አባት ስም የእሷ አባት ስም ሊሆን ነው። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቷም በዚያው ስም ይወጣል። ለመማር ሲባል መዋሸት ኃጢአት ነው? መሸኛ የሚሉት ነገርስ ለእንደሷ ዓይነት ልጅ ልክ ነው?

ሠፈርተኛው፦
ምን ያጨናንቅሻል? እዚህ ከተማ ወረቀቱ ሁሉ እውነት የሆነለት ካለ እጁን ያውጣ። አስመዝግቢያትና ተገላገይ።

የማታ መምህር፦
እህቴ፣ ብዙ ዓመት ማታ አስተምሬያለሁ። ፊት ወንበር ላይ በእንቅልፍ የሚንገላጀጁት አብዛኞቹ እንደሷ ያሉ ናቸው።

ፍሬድሪክ ዳግላስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1818 ገደማ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። ባልቲሞር ሳለ እመቤቱ ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። ባሏ «ባሪያን ማስተማር ሕግም አይፈቅድም፣ አደጋም አለው» ብሎ አስቆማት። ልጁ ግን ከቤት ዳቦ ይዞ ይወጣና ለሠፈሩ ድሃ ነጭ ልጆች እየሰጠ ፊደል ይለቅም ነበር። በ1838 ያመለጠውም የሌላ ሰው የመርከበኛ ወረቀት ተውሶ ነው። ስሙንም ቀየረ፤ ቤይሊ የነበረው ዳግላስ ሆነ። እኔ በዚህ ሰውዬ አልፈርድም። አንድም የሚረዳው ሕግ አልነበረውማ።

ያንቺዋ ልጅ ግን አላት። ከ18 ዓመት በታች መዳር ክልክል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 በመረጡት ቦታ መኖርን ይፈቅዳል። በሩን የዘጋባት መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰው ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ «በራሷ ስም መዝግቧት፣ መታወቂያው ይደርሳል» እላለሁ። የሴቶችና ሕፃናት ቢሮም አለ፤ ያለዕድሜ ጋብቻ የሸሸችን ልጅ ጉዳይ መያዝ ሥራቸው ነው። ሁሉም እምቢ ካሉሽ ተመልሰሽ ጻፊልኝ። ያኔ የሞላሽውን ፎርም ብታስገቢው አልፈርድብሽም።

ቆንጆ፦
አንድ ጥያቄ ብቻ። ክፍል 11፡30 ይጀምራል። እራት የሚሠራው ማነው?

የኮዬዋ፦
@ቆንጆ ነካሽኝ። ባለቤቴ «ሽሮ እኔም አላቃጥልም» ብሏል። እናያለን።

ጋሼ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ፎርሙን አሳየኋት። ስሟን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ የአባት ስም ጋ ስትደርስ ቆመች። «እትዬ፣ ይሄ የማነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ዝም አለች። ኋላ ላይ ሳህን እያጠበች «ሊድረኝ ቢልም አባቴ ነው» አለች፣ ዞር ሳትል።

ፎርሙን ቀድጄዋለሁ። ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ጋ አብረን እንሄዳለን። ደብተር ገዝተናል፣ ባለ 50 ሉክ። ስሟን እስከነአባቷ በራሷ እጅ ጽፋበታለች።