ልጄ ዐፄ ፋሲልን ተከራይ አድርጋብኛለች፣ ምን ልበላት?

እናቶች፣ አባቶች፣ እስቲ አማክሩኝ። የሁለተኛ ክፍል ልጄ «ዐፄ ፋሲል ግንቡን ለምን አሠሩ?» ተብላ «ኪራይ ስለመረራቸው» ብላ ጽፋ መጣች። ኤክስ! ጽሕፈቷ ግን ምን የመሰለ፣ ወር ሙሉ የታገልንባትን «ረ»ን እንኳ አልገለበጠችም። ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ ከእሳቸው በፊት ነገሥታቱ ብዙውን ጊዜ ድንኳን ይዘው ከቦታ ቦታ ይዞሩ እንደነበር፣ እሳቸው ግን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1636 ጎንደርን መቀመጫቸው እንዳደረጓት ነገርኳት። «ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? እኛም ሦስቴ ቤት ቀይረናል እኮ!» አትለኝም! አባቷ ቡናውን ሱሪው ላይ ደፋው። አሁን ላጲሱን ደብቃ «አላርምም» ብላለች። መምህርቷም ልክ ናት፣ እኔ ደግሞ በልቤ ኮርቻለሁ። ሞራሏን ሳልነካ እንዴት ላሳርማት? ደብተሩ ነገ ጠዋት ይፈለጋል።