የሠርግ ጥሪ ካርድ ይቅር ወይስ ይቀጥል? የጎጃም ሰዎች ክርክር

የክርክሩ መነሻ፦ በደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ ዕድር ውስጥ፣ አባላት ልጅ ሲድሩ የታተመ የጥሪ ካርድ እንዳያሠሩና ጥሪው በስልክ መልእክት ብቻ እንዲተላለፍ የሚጠይቅ ሐሳብ ቀርቦ ሳይወሰን አድሯል። ዕድር በዚህ ጉዳይ ደንብ ማውጣት ይገባዋልን?

የዕድሩ ጸሐፊ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ስለሆንሁ ምክንያቴን ላስቀድም። ጤፉ፣ በሬው፣ ጌሾው፣ ዳሱና የሙሽራዋ ልብስ ተደማምረው የአንድን ቤተሰብ ወገብ በሚያጎብጡበት ሰዓት፣ በወርቅማ ቀለም ለታተመና በጥብጣብ ለታሰረ ወረቀት ገንዘብ ማውጣት ልማድ ሆኖብን እንጂ የሚያስገድደን ኖሮ አይደለም። አንዱ ያሠራውን ሌላው ሊበልጠው ስለሚፈልግ፣ አቅም የሌለው አባል «ካርዱ ተራ ነው» እንዳይባል ሲል ይበደራል። ዕድራችን የቆመው ለመረዳዳት እስከሆነ ድረስ ይህን ፉክክር ማስቆም ይገባዋል። በቴሌግራም የተላከ ጥሪ ቀኑንም ቦታውንም ይናገራል፤ ወጪውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ልጆቻቸውን የዳሩ እናት፣ ከሞጣ፦ ጸሐፊያችን ስለ ብድሩ የተናገሩት እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን አልተዋጠልኝም። በእኛ አካባቢ ሠርግ ሲደርስ ጠሪ ይላካል። ጠሪው ከደጅ ቆሞ የደጋሹን ስም ካልጠራ፣ ቀኑን ካልተናገረና «እንዳትቀሩ ብለዋል» ካላለ በቀር፣ ዕድሜ የጠገበ ሰው ተጠርቻለሁ ብሎ ከቤቱ አይወጣም። ካርዱ የመጣው ይህን ጠሪ ለማገዝ ነው፤ ሰውየው ቀኑን ቢረሳ ከመደርደሪያው ላይ አንሥቶ ያስነብባል። በስልክ ብቻ ይሁን ማለት ግን ጠሪውንም ወረቀቱንም ባንድ ጊዜ ማስቀረት ነው። ደግሞስ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ የተዳሩ ልጆች እንግዳ በምን ተጠራላቸው? በሰው እግርና በወረቀት አይደለምን?

የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር፦ እንጀራዬ ከዚሁ ስለሆነ አድልቶ ተናገረ ብትሉኝ አልቀየምም። ሆኖም ገንዘቡ የሚባክነው የት ላይ እንደሆነ በየዓመቱ አየዋለሁ። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደረግ፣ ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ ባለው አጭር ጊዜ ሁሉም ይሻማል፤ በ2018 ዓ.ም. ጾሙ የካቲት 9 ቀን ስለገባ ጊዜው አራት ሳምንት ብቻ ነበር። ደንበኛው በጥድፊያ ይመጣና የእንግዶቹን ስም ሳይዘረዝር «500 ይሁንልኝ» ይላል፤ ከሠርጉ በኋላ የተረፈው ካርድ ከነፖስታው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ዋጋውን የሚያንረው ደግሞ የጽሑፉ ኅትመት ሳይሆን ወፍራሙ ወረቀት፣ ወርቅማው ቀለምና በእጅ የሚታሰረው ጥብጣብ ነው። አንድ እጥፍ የሌለው፣ በአንድ ቀለም የታተመ ጠንካራ ወረቀት ክብሩ ሳይጓደል በጥቂት ገንዘብ ይሠራል። ጥሪ የሚደርሰው በቤት ቁጥር እንጂ በሰው ቁጥር ስላልሆነ፣ «ከነቤተሰብዎ» የሚል አንድ ካርድ ለባል፣ ለሚስትና ለልጆች ይበቃል፤ ይህን የሚያስቡ ጥቂቶች ናቸው። ናሙናው ከመታተሙ በፊት ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው ቢያነበው እንዴት መልካም ነበር! የሙሽራዋ አባት ስም ተሳስቶ ታትሞ ሙሉው ሥራ ሲደገም ያየሁበት ጊዜ አለ።

መሪጌታ፣ ከቢቸና፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «እግዚአብሔር ያጣመረውን እንግዲህ ሰው አይለየው» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ቁጥር 6 ቃል በካርዱ ራስ ላይ ማኖር መልካም ነው፤ የእመቤታችንን ወይም የመላእክትን ሥዕል አትሞ፣ ድግሱ ሲያበቃ ከዳሱ ወለል ላይ ሲረገጥ ማየት ግን ይከብዳል። ሥዕሉ ቢቀር ጥሪው አይጎድልበትም። ማዕርግንም ልብ በሉ። የዋሸራ ቅኔ በሚነገርበት አገር፣ ቀኝጌታውን «አቶ» ብሎ በፖስታ ላይ መጻፍ ከመጥራት አለመጥራት ይሻላል የሚያሰኝ ነው። በስልክ ለሁሉም በአንድ ቃል የሚበተን መልእክትማ ማዕርግ የሚጻፍበት ቦታ እንኳ የለውም።

በውጭ አገር የሚኖር የሞጣ ተወላጅ፦ ለእኛ ለራቅነው ወረቀቱ ስለማይደርሰን የስልኩን ጥሪ እደግፋለሁ፤ አጻጻፉ ግን ይስተካከል። ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚህ አቆጣጠር ጃንዋሪ 25 ቀን 2026 ነው፤ ሁለቱም ቢጻፉ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ሰው አይሳሳትም። ሰዓቱ ከቀኑም የባሰ ነው፤ «6 ሰዓት» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ እዚህ ያደገ ልጅ ምሽት ይመስለዋል፤ ሙሽሮቹ ግን በእኩለ ቀን ዳሱ ውስጥ ናቸው።

የዕድሩ ጸሐፊ፦ መሪጌታ ስለ ሥዕሉ ያሉትን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ። ወንድማችን ከማተሚያ ቤት የተናገረው ግን የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል፤ ወጪው ከጌጡ ከሆነ ጌጡን የሚከለክል አካል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐሳቤን አጥብቤ፣ ካርድ ይፈቀድ፣ ወርቅማ ቀለም፣ ጥብጣብና ሥዕል ያለበት ግን በደንብ ይከልከል እላለሁ።

እናት፣ ከሞጣ፦ ይህ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ቢሆንም ዕድር የሚያዝዘው አባሉን ነው። ሠርግ ደግሞ የሁለት ቤት ጉዳይ ስለሆነ፣ አንደኛው ወገን ከሌላ ከተማ፣ ከሌላ ዕድር ይመጣል፤ ካርዱንም ብዙ ጊዜ የሚያሳትመው አዲስ አበባ ያለ አጎት ወይም ሚዜ ነው። ጥብጣብ ያለው ካርድ ከአዲስ አበባ ተልኮ ቢመጣ፣ ጸሐፊያችን ቅጣቱን በማን ስም ይጽፉታል?